ከፒክአፑ በፊት ተሳቢው ይመዘን

ባሕር ዳር፦ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅም ቤተሰብ ከአንድ መኪና ሦስት አገልግሎት ይጠብቃል። ቤተሰቡን በምቾት እንዲያጓጉዝ፣ በኋላ ክፍሉ ዘርና ማዳበሪያ እንዲጭን፣ ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት ደግሞ ተሳቢ አስሮ እህል፣ ድንች ወይም የደለበ በሬ ገበያ እንዲያደርስ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አገልግሎቶች በገበያው የሚገኙት ፒክአፖች ሁሉ ማለት ይቻላል ይሰጣሉ። ገዢን የሚያሳስተው ሦስተኛው ነው።

በሽያጭ ወቅት በብዛት የሚነገረው የመኪናው ጉልበት ነው። ሞተሩ ስንት ሲሲ እንደሆነና ስንት ኩንታል እንደሚጎትት ይወራል። ነገር ግን በዳገታማና በቁልቁለታማ አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ ዋናው ጉዳይ መኪናው ያንን ሁሉ ክብደት ይዞ መቆም መቻሉ ነው። ለዚህ መልስ የሚገኘው ደግሞ ከፒክአፑ ይልቅ ከተሳቢው ነው።

አዳዲሶቹ ባለ አራት በአራት የናፍጣ ፒክአፖች ጉዳዩን በግልጽ ያሳያሉ። ቶዮታ ሂሉክስ፣ አይሱዙ ዲማክስና ፎርድ ሬንጀር በአውሮፓና በአውስትራሊያ ገበያዎች በጠንካራ ሞዴሎቻቸው እስከ 3 ሺህ 500 ኪሎ ግራም ተሳቢ እንዲጎትቱ ይፈቀድላቸዋል። ይህ የሚሠራው ግን ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ብቻ ነው። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከሆነ የተፈቀደው ልክ ወደ 750 ኪሎ ግራም ይወርዳል። መኪናው ያው ነው፤ ሞተሩም ያው ነው። የመጎተት ፈቃዱን ከአራት እጅ በላይ የቀነሰው የፍሬን አለመኖር ነው።

ወደ ኩንታል ሲመነዘር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ባዶውን 400 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፍሬን አልባ ተሳቢ በ750 ኪሎ ግራም ጣሪያ ውስጥ የሚሸከመው ሦስት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው። በየከተማው ብየዳ ቤቶች ተሠርተው አሥርና አሥራ አምስት ኩንታል የሚጫንባቸው ፍሬን የሌላቸው ተሳቢዎች ከዚህ ልክ እጅግ የራቁ ናቸው።

ውሳኔውን ያከበደው ገበያ

ተሽከርካሪ መምረጥ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው ይልቅ ዛሬ ከባድ ውሳኔ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሞተራቸው ትልቅ በሆነና ዕድሜያቸው በገፋ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ተደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ ቀደም 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ2017 ዓ.ም የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋም ከ100 ብር ተሻገረ።

የእነዚህ ለውጦች ድምር ውጤት በቤተሰብ ደረጃ ይታያል። ከውጭ የሚመጣ ተሽከርካሪም ሆነ መለዋወጫ በብር ሲተመን ተወድዷል። ዛሬ የሚገዛ ፒክአፕ ለብዙ ቤተሰቦች ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ሀብት ነው፤ ተሳስቶ ገዝቶ በዓመቱ የመቀየር ዕድሉም ጠባብ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ከውል በፊት የሚደረግ የአንድ ሰዓት ስሌት ከውል በኋላ ከሚመጣ የዓመታት ጸጸት ያድናል።

ሦስቱ የክብደት ልኮች

ገዢው ሊያውቃቸው የሚገቡ ሦስት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው ፒክአፑ ራሱ ከነተሳፋሪውና ከነጭነቱ ሊመዝን የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት ነው። ሁለተኛው ሊጎትተው የሚፈቀድለት የተሳቢ ክብደት ነው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ፒክአፑና ተሳቢው አንድ ላይ ሊመዝኑ የሚፈቀድላቸው ጥምር ክብደት ነው። ቁጥሮቹ በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ፒክአፖች ላይ በበሩ መቃን ወይም በሞተር ክፍሉ በተለጠፈው ሰሌዳም ላይ ይጻፋሉ።

ለስሌት እንዲመች ባዶውን 2 ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ፒክአፕ ይወሰድ። እስከ 3 ሺህ ኪሎ ግራም ጠቅላላ ክብደት ተፈቅዶለታል፤ ስለዚህ አሥር ኩንታል ይጭናል ይባላል። 3 ሺህ ኪሎ ግራም ተሳቢም ይጎትታል ይባላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የጥምር ክብደቱ ጣሪያ 5 ሺህ 200 ኪሎ ግራም ከሆነ ግን ሁለቱ በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ተሳቢው 3 ሺህ ኪሎ ግራም ሲመዝን ለፒክአፑ የሚቀረው 2 ሺህ 200 ኪሎ ግራም ነው። ከባዶ ክብደቱ በላይ ያለው 200 ኪሎ ግራም ሾፌሩንና ሁለት ሰዎችን ይዞ ያልቃል። የኋላ ክፍሉ ባዶ ይሆናል፤ ቤተሰቡም ግማሹ ቤት ይቀራል።

ያው ፒክአፕ ከነጭነቱ 1 ሺህ 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ፍሬን ያለው ተሳቢ ቢያስር ሁኔታው ይለወጣል። አምስት የቤተሰብ አባላት 325 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና ከኋላ ሦስት ኩንታል ቢጫን ፒክአፑ 2 ሺህ 625፣ ጥምሩ ደግሞ 4 ሺህ 125 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ከጣሪያው በታች ነው።

በዚህ ላይ አንድ የተሰወረ ክብደት አለ። ተሳቢ በጋንቾው በኩል ፒክአፑን ወደ ታች ይጫነዋል። በጥሩ ሁኔታ የተጫነ ተሳቢ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን በጋንቾው ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ የ1 ሺህ 500 ኪሎ ግራም ተሳቢ አንድ ኩንታል ተኩል ያህል በፒክአፑ ላይ ይጨምራል፤ ይህም ከፒክአፑ የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል። ጭነቱ ከኋላ ጎማዎች ወደ ኋላ ርቆ ስለሚያርፍ የፊቱን ክፍል ያቀልለዋል፤ መሪው ይላላል፤ የፊት ጎማዎች የማቆም ኃይላቸውም ይቀንሳል። ባሌስትራ ማስጨመር የኋላውን ክፍል ከፍ ያደርጋል እንጂ የፍሬኑን፣ የሻንሲውንም ሆነ የካምቢዮውን አቅም አያሳድግም።

ከፍታውና ቁልቁለቱ

የአምራቾች ቁጥር በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ነው። አየር በከፍታ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር 2 ሺህ 500 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ባለ ቱርቦ ሞተር ከዚህ ያነሰ ይጎዳል። አንዳንድ አምራቾችም በመመሪያ መጽሐፋቸው በየ1 ሺህ ሜትሩ ከፍታ የጥምር ክብደቱ 10 በመቶ ያህል እንዲቀነስ ያሳስባሉ።

ይህ ምክር ከላይ ባለው ምሳሌ ላይ ሲሠራበት፣ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትገኘው ደሴ የ5 ሺህ 200 ኪሎ ግራሙ ጣሪያ ወደ 3 ሺህ 900 ኪሎ ግራም ዝቅ ይላል። በልኩ ነው የተባለው የ4 ሺህ 125 ኪሎ ግራም ጉዞ እዚያ ሲደርስ ከሁለት ኩንታል በላይ ትርፍ ሆኖ ይገኛል። ከደሴም ከፍ ለሚሉት ለደብረ ታቦርና ለደብረ ብርሃን ቅነሳው የበለጠ ነው።

ዳገት ጉልበት ያነሰውን መኪና ያዘገየዋል፤ ቢበዛ ራዲያተሩን ያፈላዋል። ቁልቁለት ግን ሕይወት ይጠይቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። አራት ቶን የሚመዝን ፒክአፕና ተሳቢ 1 ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚፈጠረው ጉልበት፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ከሚወጣው ሙቀት ይስተካከላል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ፍሬኑና በሞተር የመያዝ ኃይሉ ነው። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል መያዝ ያቆማል። ተሳቢው ፍሬን ከሌለው ደግሞ የሁለቱም ክብደት በፒክአፑ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ጠመዝማዛ ላይም ተሳቢው ከኋላ እየገፋ ፒክአፑን ያጣምመዋል።

ስለዚህ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ማስገባትና በዚያው መውረድ ግዴታ ነው። ፍጥነትም ሊታሰብበት ይገባል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በ40 ከሚሄደው ጋር ሲነጻጸር ለማቆም አራት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። የሊማሊሞንም ሆነ የጣርማበርን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ይህን ለማመን ቁጥር አያስፈልገውም።

ተሳቢው ምን ይኑረው?

ቀዳሚው ፍሬን ነው። ተሳቢው ወደ ፊት ሲገፋ በራሱ የሚይዝ ሜካኒካል ፍሬን አለ፤ ከፒክአፑ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝም አለ። ለቤተሰብ አገልግሎት ሁለቱም ይሠራሉ። ጋንቾው ከሻንሲው ጋር በብሎን የታሰረ ይሁን እንጂ ከኋላ መከላከያው ላይ የተበየደ አይሁን። ጋንቾው ቢለቅ ተሳቢውን የሚይዝ የመጠባበቂያ ሰንሰለት፣ የሚሠራ የፍሬንና የፍሬቻ መብራት፣ በሌሊት የሚያበራ አንጸባራቂ፣ ለክብደቱ የሚመጥን ጎማ የግድ ናቸው።

አጫጫኑም ከክብደቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። ከጭነቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከተሳቢው ጎማ ወደ ፊት መሆን ይኖርበታል። ወደ ኋላ ያደላ ጭነት ተሳቢውን በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል፤ ይህ ውዝዋዜ ፒክአፑን ጭምር ይገለብጣል። ውዝዋዜ ሲጀምር መፍትሔው እግርን ከነዳጅ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው፤ መሪ ማማታትም ሆነ ድንገተኛ ፍሬን ያባብሰዋል።

የጭነቱ ዓይነትም ይለያያል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አሥር ኩንታል ነው፤ በግማሽ የተሞላ በርሜል ወይም ሮቶ ደግሞ ውኃው ስለሚናጥ ከሙሉው ይልቅ ያስቸግራል። አሸዋ በመጠን ትንሽ መስሎ ከውኃ በእጅጉ ይከብዳል። የጤፍ ጭድ ቀላል ቢሆንም ከፍ ብሎ ስለሚከመር ነፋስ ይገፋዋል። የቁም እንስሳ ቆሞ ስለሚጓዝና ስለሚንቀሳቀስ ሚዛኑ ይዋዥቃል፤ በሬዎቹ በአጭር ገመድ መታሰርና በመከፋፈያ መለየት አለባቸው። በጭነቱ ላይ ሰው ማሳፈር ግን በምንም ስሌት ትክክል አይሆንም። ተሳቢ ሲገለበጥ የሚይዘው ቀበቶም ሆነ የሚከልለው ጣሪያ የለም።

አሮጌው ወይስ አዲሱ?

በገበያው የሚታወቀው አሮጌ 3 ሺህ ሲሲ ቱርቦ አልባ የናፍጣ ሂሉክስ የመጎተቻ ኃይሉ 200 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። አዲሱ የ2 ሺህ 400 ሲሲ ባለ ቱርቦ ሞተር በአነስተኛ መጠን እስከ 400 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ስለዚህ ሲሲ ብቻውን የመጎተት አቅም መለኪያ አይሆንም። ለተሳቢ የሚያስፈልገው በዝቅተኛ የሞተር ዙር የሚገኝ ጉልበት ነው።

ያም ሆኖ አሮጌው ሞተር የራሱ ብልጫ አለው። በወረዳ ከተማ ያለ መካኒክ ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል፤ መለዋወጫውም በቅርብ ይገኛል። አዲሱ ሞተር ቆሻሻ ወይም ውኃ የገባበትን ናፍጣ አይታገስም፤ ብልሽቱን ለማወቅ የኮምፒዩተር መሣሪያ ይጠይቃል፤ የመርጫዎቹ ዋጋም ከፍተኛ ነው። አዘውትሮ ከባድ ተሳቢ የሚጎትት ቤተሰብ አዲሱን ቢመርጥ ያዋጣዋል። በዓመት ጥቂት ቀናት ቀላል ተሳቢ የሚያስር፣ ከትልቅ ከተማም የራቀ ቤተሰብ ደግሞ በደንብ በተያዘ አሮጌ መኪና አይጎዳም፤ ጭነቱን መቀነሱ ግን ግዴታው ነው።

ያገለገለ ፒክአፕ ሲታይ ቀደም ሲል ተሳቢ ይጎትት እንደነበር የሚናገሩ ምልክቶች አሉ። በጋንቾው ዙሪያ የተሰነጠቀ ወይም የተበየደ ሻንሲ፣ ዳገት ላይ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ የሚያፏጭ ዲፈረንሻል፣ ወደ ታች የታጠፈ ባሌስትራ፣ ቀለሙ የተለወጠ የፍሬን ዲስክ የቀድሞውን ጫና ይመሰክራሉ። መኪናውን በሜዳ ብቻ መሞከር በቂ አይደለም፤ ከነጭነቱ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ሊታይ ይገባል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውም መታየት አለበት። የኤሌክትሪክ ሞተር በአየር መሳሳት ጉልበቱን አያጣም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ጉልበቱን ወደ ባትሪው እየመለሰ ፍሬኑን ያግዛል። ለደጋ አካባቢ ሁለቱም ትልቅ ጥቅሞች ናቸው። ሆኖም ከባድ ተሳቢ ሲጎትት በአንድ ሙሌት የሚጓዘው ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ባትሪ መሙያ በመንገዱ ላይ በማይገኝበት መስመር ይህ ጭነትን መንገድ ላይ ሊያስቀር ይችላል። በከተማ ዙሪያ አጭር ርቀት ለሚመላለስ የወተት ወይም የአትክልት ነጋዴ ግን ስሌቱ ሌላ ነው።

ሕጉና ወረቀቱ

ከግዢ በፊት ሊብሬው ላይ የተጻፈው የጭነት ልክና የሰሌዳው ኮድ መታየት አለባቸው። ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ ነው። በግል ሰሌዳ የሌላ ሰው እህል በክፍያ ማመላለስ ከሕግ ያጋጫል። የተሳቢው ምዝገባና የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ደረጃ ለሥራው መመጠናቸው በአካባቢው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይረጋገጥ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ተሳቢው በሽፋኑ ውስጥ መካተቱን ደግሞ ከውሉ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ከልክ በላይ ተጭኖ የደረሰ አደጋ የመድን ክርክር ያስነሳል፤ ክርክሩም ብዙ ጊዜ ሀብቱ ከጠፋ በኋላ ነው የሚጀመረው።

በዓመት ስንት ቀን?

የመጨረሻው ጥያቄ ተሳቢው በዓመት ስንት ቀን እንደሚሠራ ነው። በመኸር አርባ ኩንታል እህል አንድ ጊዜ ወደ ገበያ የሚያወጣ አርሶ አደር ለዚያች ቀን ሲል ትልቅ ፒክአፕ ቢገዛ፣ በቀሪዎቹ የዓመቱ ቀናት የማይጠቀምበትን ጉልበት በግዢ ዋጋ፣ በነዳጅና በጎማ ይከፍልበታል። ለእርሱ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ለቀኑ መከራየት፣ ወይም ከጎረቤቶቹ ጋር ተጋርቶ መጫን ርካሽም ደኅንነቱ የተጠበቀም ነው። በየሳምንቱ አምስትና አሥር ኩንታል አትክልት፣ ወተት ወይም መኖ የሚያመላልስ ቤተሰብ ግን ባለ ፍሬን ተሳቢ ያለው መካከለኛ ፒክአፕ ወጪውን ይመልስለታል።

እንግዲህ የምርጫው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገላቢጦሽ ይሆናል። መጀመሪያ በአብዛኛው ጉዞ የሚጫነው ኩንታል ይቆጠር። ቀጥሎ ያንን የሚሸከም ፍሬን ያለው ተሳቢ ይመረጥና ከነጭነቱ ሚዛን ላይ ይውጣ። በዚያ ላይ የቤተሰቡ ክብደት ይደመር፤ የአካባቢው ከፍታ ከሚጠይቀው ቅነሳ ጋር ይሰላ። የተገኘውን ድምር የሚችለው ፒክአፕ ከዚያ በኋላ ይፈለግ። ገንዘቡ ካልበቃም ከሁሉ በፊት የሚቀነሰው ጭነቱ ነው፤ የተሳቢው ፍሬን ግን ከግዢው ዝርዝር መቼም አይሰረዝም።